የነርቭ ሕዋስን የኤሌክትሪክ ምልክት በትራንዚስተር መቅዳት፦ ሐዋሳ ላይ ሆኖ ምን ያህሉን መሥራት ይቻላል?

ታቦር ሥር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የነርቭ ሕዋስን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሰሚኮንዳክተር ሴንሰር መቅዳት የሚል ርዕስ ይዣለሁ። አማካሪዬ ርዕሱን አልጠሉትም፤ ሆኖም «ምኑን እንደምትለካና በምን እንደምትለካው በአንድ ገጽ ጽፈህ አምጣ» ብለውኛል።

እኔ የማውቀው ይህን ነው። የነርቭ ሕዋስ በዕረፍት ላይ ሳለ ውስጡ ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ ያለ ነው፤ መልእክት ሲያስተላልፍ ግን ቮልቴጁ በ1 ሚሊሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ 100 ሚሊቮልት ገደማ ዘሎ ይመለሳል። ፊልድ ኢፌክት ትራንዚስተር ደግሞ፣ ስሙም እንደሚለው፣ ጌቱ (መቆጣጠሪያ በሩ) ላይ ባለው የኤሌክትሪክ ፊልድ የሚታዘዝ ነው። ስለዚህ የብረት ጌቱ የተነሣለት ትራንዚስተር ላይ ሕዋሱን ብናስቀምጠው፣ የሕዋሱ ፊልድ ቻናሉን (ከረንቱ የሚያልፍበትን መስመር) በቀጥታ ስለሚነካ ያለ አንዳች መርፌ 100 ሚሊቮልቱን ማንበብ የምንችል ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ትራንዚስተር ከየት እንደሚገኝ፣ ሕዋሱስ ምን ዓይነት ቢሆን እንደሚሻል የምታውቁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።


ሐይቅ ዳር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ፣ እኔ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁና ከሕዋሱ በኩል ያለውን ብቻ ልናገር፤ ትራንዚስተሩን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ። ገጹን ለአማካሪህ ከመስጠትህ በፊት «ፊልዱ ቻናሉን በቀጥታ ይነካል» ያልከውን ቦታ መልሰህ እየው።

ሕዋሱ የሚኖረው በጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ነው። በእንዲህ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ማንኛውም ቻርጅ ወዲያው በተቃራኒ አዮኖች ይከበባል፤ የጨው መጠኑ የሰውነታችንን ያህል ሲሆን ፊልዱ 1 ናኖሜትር እንኳ ሳይሞላ ይዳከማል። ሕዋስ ቺፕ ላይ ተቀመጠ ሲባል ደግሞ ከቺፑ ጋር ፊት ለፊት ተጣብቋል ማለት አይደለም። ከሕዋሱ ሽፋን ላይ ወጣ ወጣ ያሉት ሞለኪውሎችና ቺፑ የተቀባው የማጣበቂያ ፕሮቲን ስለሚያራርቋቸው፣ በመካከላቸው ከ50 እስከ 100 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ስስ የፈሳሽ ንጣፍ ይቀራል። 1 ናኖሜትር የማይዘልቅ ፊልድ ይህን ሁሉ ተሻግሮ ትራንዚስተርህን አይደርስበትም።

ታዲያ የሚነበበው ምንድን ነው? ሕዋሱ ሲተኩስ (መልእክት ሲያስተላልፍ) ሶዲየምና ፖታሲየም አዮኖች በሽፋኑ በኩል ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ይህ ከረንት ነው። በሕዋሱ ሥር የሚያልፈው ከረንት ወደ ሰፊው ፈሳሽ ለመውጣት በዚያ ስስ ንጣፍ ውስጥ ወደ ጎን መፍሰስ ግድ ይሆንበታል፤ መውጫው የጠበበ የቦይ ውሃ ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ ቮልቴጁም እዚያው ከሕዋሱ ሥር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ትራንዚስተሩ የሚያነበው ይህንን ነው። ሒሳቡ የኦም ሕግ ብቻ ነው፦ የንጣፉ ሬዚስታንስ 1 ሜጋኦም፣ ከረንቱ 1 ናኖአምፔር ቢሆን 1 ሚሊቮልት ታገኛለህ። ሕዋሱ ጥቂት ተነሥቶ ሬዚስታንሱ ወደ 50 ኪሎኦም ቢወርድ ግን ያው ከረንት 50 ማይክሮቮልት ብቻ ይሰጥሃል። ስለዚህ በገጽህ ላይ «100 ሚሊቮልት» ብለህ አትጻፍ። የምትጠብቀው ከአሥሮች ማይክሮቮልት እስከ ጥቂት ሚሊቮልት ያለውን ነው፤ ቅርጹም ከሕዋሱ ውስጥ የሚለካውን ቮልቴጅ አይመስልም፣ የከረንቱን ቅርጽ ይከተላል እንጂ።

100 ሚሊቮልቱን ራሱን ማየት የፈለገ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ሆጅኪንና ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1939 የቻሉት ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ግዙፍ ነርቭ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ስላለው ኤሌክትሮዱን (ቮልቴጁ የሚነበብበትን ቀጭን መለኪያ) በውስጡ ማሳለፍ ስለተቻለ ነው። ኔኸርና ሳክማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ጫፉ በጣም የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ሽፋኑ ላይ አጥብቀው በመለጠፍ የነጠላ አዮን መተላለፊያን ከረንት ለኩ። ሁለቱም ሥራዎች ኖቤል አሸልመዋል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ጥቂት ሕዋስ ብቻ የሚያዳምጡ ናቸው፤ የተወጋ ሕዋስም ብዙ አይቆይም። የሰሚኮንዳክተሩ ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሕዋሱን አይጎዳም፣ ብዙ ሕዋስም በአንድ ጊዜ ያዳምጣል።


ነጭ ኖይዝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

መምህርት ባሉት ላይ የምጨምረው ከትራንዚስተሩ በኩል ነው።

ሐሳቡ ከተማሪው ዕድሜ በጣም የሚበልጥ ነው። ኔዘርላንዳዊው ፒት ቤርክፌልት የብረት ጌቱን አንሥቶ ፈሳሹ ራሱ በኦክሳይዱ (ከጌቱ ሥር ባለው ስስ፣ ከረንት የማያሳልፍ ንጣፍ) ላይ እንዲያርፍ ያደረገበትን ሥራ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ያሰበውም ለነርቭ ጥናት ነበር። ያ መሣሪያ፣ አይስፌት የሚባለው፣ ገበያ ያገኘው ግን በአሲድነት መለኪያነቱ ነው። ነርቭና ትራንዚስተር በትክክል የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1991 ጀርመን ኡልም ውስጥ ፔተር ፍሮምኸርትዝና ባልደረቦቹ የአልቅትን አንድ ትልቅ ሕዋስ በጌቱ ላይ አስቀምጠው ሲተኩስ በቀዱ ጊዜ ነው። ሬትዚዩስ የሚባለው ይህ ሕዋስ እስከ 80 ማይክሮሜትር ስለሚደርስ ጌቱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። (ኔኸርና ሳክማን የተሸለሙትም በዚያው ዓመት ነው።)

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ100 ማይክሮአምፔር የሚሠራ፣ ትራንስኮንዳክታንሱ (የጌቱ ቮልቴጅ ሲለወጥ ከረንቱ የሚለወጥበት መጠን) 0.3 ሚሊሲመንስ የሆነ ትራንዚስተር አለህ እንበል። ከሕዋሱ ሥር 100 ማይክሮቮልት ቢመጣ የከረንቱ ለውጥ 30 ናኖአምፔር ነው፤ ይህም በመደበኛነት ከሚፈስሰው ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ያንን ትንሽ ለውጥ ከሦስት ጠላት መጠበቅ ይኖርብሃል። አንደኛው በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚበረታው የትራንዚስተሩ የራሱ ኖይዝ (ምልክቱን የሚረብሽ ሁከት) ሲሆን፣ የጌቱ ስፋት ባነሰ መጠን ይብሳል፤ ትንሽ ጌት ለትንሽ ሕዋስ ያስፈልጋል፣ ነገር ግን ትንሽ ጌት ይጮኻል። ሁለተኛው ድሪፍት ነው፤ ኦክሳይዱ ከጨው ውሃ ጋር ሲቆይ ውሃና አዮን እየመጠጠ መነሻ ቮልቴጁ ይንሸራተታል። ይህኛው ቀርፋፋ ስለሆነ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን በማጣራት ይወገዳል። ሦስተኛው ብርሃን ነው። ሲሊከን ብርሃን ሲያገኝ ከረንት ያመነጫልና የማይክሮስኮፑን መብራት ሳታጠፋ የቀዳኸው ነገር የነርቭ ምልክት ነው ብለህ አትከራከር።

ከሁሉ በላይ ግን ቺፑን ዕድሜ የሚያሳጣው ማሸጊያው ነው። የወርቁ ሽቦዎች ቺፑን ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኙበት ቦታ በኢፖክሲ በደንብ ካልተደፈነ የጨው ውሃው ሥሩን ይዞ ይገባና አንድ ሳምንት ሳይሞላ ታሪኩ ያበቃል። «ከየት ይገኛል» ላልከው፣ ለነርቭ የሚሆን ጌተ ክፍት ትራንዚስተር በኤሌክትሮኒክስ መደብር አይሸጥም። ከሱቅ የምትገዛውን ትራንዚስተር ፈልቅቀህ ጌቱን ለማንሣት መሞከርም ከንቱ ድካም ነው።


ጋሽ ሶኬት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:30

ልጄ፣ እኔ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ የኖርሁ ሰው ነኝ። ንድፈ ሐሳቡን ከላይ ያሉት በሚገባ ስላስረዱህ አልደግመውም። የምነግርህ በዚህ ከተማ፣ በዚህ መብራት፣ በዚህ ወር ሊሠራ የሚችለውን ነው።

የነርቭን ምልክት ለመስማት ቺፕ መጠበቅ የለብህም፤ የበረሮ እግር ይበቃሃል። በረሮውን በረዶ ውሃ ውስጥ አቆይተህ ሲደነዝዝ አንድ እግር ትቆርጣለህ፣ ለስላሳ እንጨት ወይም ቡሽ ላይ ታስቀምጠውና ሁለት ቀጭን ስፒል ትወጋበታለህ፤ አንዱን ከሥሩ አጠገብ፣ ሁለተኛውን ከጭኑ ላይ። ከስፒሎቹ የሚመጣውን ምልክት አንድ ሺህ ጊዜ ታጎላለህ፣ ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ያለውን ብቻ ታሳልፋለህ፣ ከዚያ ኤልኤም 386 በሚባለው አምፕሊፋየር ቺፕ ወደ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ትሰጠዋለህ። በታችኛው እግር ላይ ያሉት እሾሆች እያንዳንዳቸው የመነካካት ነርቭ አላቸው፤ አንዱን እሾህ በጥርስ እንጨት ጫፍ ገፋ ብታደርገው ድምፅ ማጉያው ቆሎ እንደሚቆላ ጠጥ ጠጥ ይላል። ስትለቀው ይቀንሳል፣ መልሰህ ስትገፋው ይመጣል። ያ ነርቭ ነው።

ትልቁ ጠላትህ ባለ 50 ኸርዙ የግድግዳ መብራት ነው። የምትፈልገው ምልክት በማይክሮቮልት የሚቆጠር ሲሆን፣ ዙሪያህን ያለው ገመድ ሁሉ 220 ቮልት ተሸክሟል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን በባለ 9 ቮልት ባትሪ ብቻ አሠራው። ላፕቶፕ ካገናኘህ ቻርጀሩን ንቀል። ሁሉንም በቆርቆሮ ሳጥን ወይም በወንፊት ሽቦ ጎጆ ውስጥ አስገባና ሳጥኑን ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት ነጥብ) ጋር አገናኘው። ግራውንድ የሚሆነው ነጥብ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ቦታ ካሰርከው በመካከላቸው የሚፈጠረው ዙር ራሱ አንቴና ይሆንብሃል። ከጣሪያው ላይ ያለውን ፍሎረሰንትም አጥፋው። በብዙ ቤት የምድር ሽቦው ሶኬቱ ላይ ብቻ የሚታይ፣ ከግድግዳው ኋላ የትም የማይደርስ ስለሆነ እሱን አትመነው።


ታቦር ሥር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህርት ያብራሩት የፈሳሽ ንጣፍ ጉዳይ ገጹን እንደገና እንድጽፈው አድርጎኛል። ጋሼ፣ የበረሮው እግር በጣም ስቦኛል፤ ነገር ግን ርዕሴ «የሰሚኮንዳክተር ሴንሰር» የሚል ነው። ስፒልና አምፕሊፋየር ይዤ ብቀርብ መምህራኑ «ሴንሰርህ ስፒል ነው፣ ሰሚኮንዳክተሩ የታለ?» ማለታቸው አይቀርም።


ሞኖፖል ሰፈር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:45

የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ አሁን በውጭ አገር የሲሊከን ኤሌክትሮዶችን በሚጠቀም ላብራቶሪ ውስጥ እማራለሁ። ተማሪው ያነሣው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም፣ ይህ ዘርፍ የተራመደበትን መንገድ የሚያሳየው እሱ ነውና ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጋሽ ሶኬት የሚሉትን አምፕሊፋየር ቲኤል 072 በሚባለው አይሲ (የተቀናጀ ቺፕ) ብትሠራው፣ የዚያ አይሲ መግቢያ ራሱ ፊልድ ኢፌክት ትራንዚስተር ነው። ስለዚህ የበረሮው ምልክት በመጨረሻ የሚያርፈው ጌት ላይ ነው። ከፍሮምኸርትዝ ሥራ የሚለየው በሕዋሱና በመጀመሪያው ጌት መካከል ስፒል፣ ሽቦና አንድ ክንድ የሚያህል ርቀት መኖሩ ነው። ያ ርቀት ዋጋ ያስከፍላል፤ ሽቦው ኖይዝ ይለቅማል፣ ካፓሲታንሱም (ቻርጅ የመያዝ ባሕርይው) ምልክቱን ይከፋፈለዋል። ኤሌክትሮዱ ትንሽ በሆነ መጠን ኢምፔዳንሱ (ለተለዋዋጭ ከረንት ያለው ተቃውሞ) ስለሚጨምር ጉዳቱ ይበዛል፤ 1 ሜጋኦም የሆነ ሬዚስታንስ በክፍል ሙቀት ብቻ፣ በ3 ኪሎኸርዝ ስፋት ውስጥ፣ 7 ማይክሮቮልት ያህል ኖይዝ ያመነጫል፤ የቲኤል 072 የራሱ ኖይዝ ግን በዚያው ስፋት 1 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። ማለትም ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የምንወቅሰው አምፕሊፋየር ሳይሆን ኤሌክትሮዱ ነው። ለዚህም ነው የኤሌክትሮዱን ፊት በጥቁር ፕላቲነም አሻክሮ ስፋቱን ማብዛት የተለመደው።

ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የተሠራው ሥራ በአብዛኛው ይህን ርቀት ማሳጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የቺፕ አምራቹ ኢንፊኒየንና የፍሮምኸርትዝ ቡድን ቺፕ በ1 ሚሊሜትር በ1 ሚሊሜትር ስፋት ላይ 128 በ128፣ በድምሩ 16,384 መለኪያ ነጥቦች ነበሩት፤ በሰከንድም 2,000 ጊዜ ሁሉንም ያነብባል። ዙሪክ ውስጥ የተሠራው ሌላ ቺፕ 26,400 ኤሌክትሮዶች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ መርጦ በ1,024 መስመሮች ያዳምጣል። በሕይወት ባለ እንስሳ አንጎል ውስጥ ለሚገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ኒውሮፒክስል አለ፤ ቤልጂየም ሌውቨን ባለው ኢሜክ በተባለ የምርምር ማዕከል የተመረተ ነው። 10 ሚሊሜትር በሚረዝምና ስፋቱ 70 ማይክሮሜትር በሆነ የሲሊከን ዘንግ ላይ 960 ነጥቦች ተደርድረው፣ 384ቱ በአንድ ጊዜ ይቀዳሉ። አምፕሊፋየሩም፣ ዲጂታል ቀያሪውም እዚያው ሲሊከን ላይ ስለሆኑ የሚወጣው ቁጥር ብቻ ነው። 384 መስመር፣ በሰከንድ 30,000 ናሙና፣ በ10 ቢት ብታባዛው በሰከንድ 115 ሜጋቢት ነው፤ እጅ ላይ ሲይዙት ከፀጉር የማይበልጥ ነገር ይህን ሁሉ ማውጣቱ እኔን ዛሬም ይገርመኛል።

አንድ ነገር ልብ በል። ከእነዚህ ውስጥ የዙሪኩና ኒውሮፒክስል ፈሳሹን የሚነኩት በብረት ወይም ብረት ነክ በሆነ ኤሌክትሮድ ነው፤ ክፍት ጌት አይደለም። ትራንዚስተሩ ከሥር ወይም ከጎን ተሸሽጎ ይቀመጣል። ክፍት ጌት ንድፈ ሐሳቡ ቢያምርም፣ ለብዛትና ለዕድሜ የተመረጠው ብረቱ ነው።


ነጭ ኖይዝ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

በመጨረሻው አንቀጽ አልስማማም። ክፍት ጌት ተሸነፈ ማለት የሲሊከን ኦክሳይዱ ጌት ተሸነፈ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካዊው ተመራማሪ ሊበር ቡድን በሲሊከን ናኖሽቦ ከነርቭ ክሮች ቀድቷል፤ በግራፊን፣ ማለትም በአንድ አቶም ውፍረት ባለው የካርቦን ንጣፍ፣ እና በኦርጋኒክ ትራንዚስተር የሚሠሩትም ለስላሳና ተጣጣፊ ስለሆኑ አንጎል ላይ ሲለጠፉ ከጠንካራ ሲሊከን የተሻለ ይስማማሉ። የብረት ኤሌክትሮድ በጣም ቀርፋፋ የሆነውን ምልክት፣ ከ0.1 ኸርዝ በታች ያለውን፣ በአግባቡ አይቀዳም፤ የግራፊን ትራንዚስተር ግን ይቀዳል። ለፈጣኑ ምልክትና ለብዛቱ ብረት ይሻላል ከተባለ እቀበላለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን ግን አልቀበልም።


አሞራ ገደል
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:00

እኔ የማነሣው አጭር ነው። ሥራው የተጀመረው በአልቅት ከሆነ፣ አልቅት እኛ ዘንድ ሞልቶ የለም ወይ? ከብት ውሃ ሲጠጣ አፍንጫው ውስጥ የሚገባው እሱ አይደለም? ሐይቁ ዳር ወርዶ መልቀም ነው።


ሐይቅ ዳር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10

እባካችሁ፣ ማንም ተማሪ እግሩን ሐይቅ ውስጥ ነክሮ አልቅትም ሆነ ቀንድ አውጣ እንዳይለቅም። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ትሉ የሚገባው በተነከረ ቆዳ በኩል ስለሆነ መጠንቀቁ ይሻላል። ደግሞም ጀርመኖቹ የተጠቀሙበት የመድኃኒት አልቅት የሚባለው ዝርያ ነው፤ ከብት አፍንጫ ውስጥ የሚገባው ሌላ ነው።

የአልቅቱ ሐሳብ ግን ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ምክንያቱን ልጨምር። የአይጥ ነርቭ ሕዋስ ለማሳደግ 37 ዲግሪና 5 በመቶ ካርቦንዳይኦክሳይድ ሳያቋርጥ የሚጠብቅ ኢንኩቤተር ያስፈልጋል፤ መብራት በሄደ ቁጥር የሚያድጉት ሕዋሳት ከነድካሙ ይጠፋሉ። የአልቅትና የቀንድ አውጣ ሕዋስ በክፍል ሙቀት ይቆያል፤ ትልቅም ስለሆነ በዓይን ተመርጦ ይቀመጣል። ሕዋሱን ከጋንግሊዮኑ (ከነርቭ ሕዋሳቱ ጓል) ነጥሎ አውጥቶ ጌቱ ላይ ማሳረፍ ግን በማይክሮስኮፕ ሥር የሚለመድ የእጅ ሥራ ነው፤ ለአንድ የመመረቂያ ጊዜ አይበቃም። ተማሪያችን በበረሮው ቢጀምር እደግፋለሁ።


ታቦር ሥር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:00

ከአማካሪዬ ጋር ተነጋግሬ ርዕሱን አጥብበነዋል። ሕዋስ ቺፕ ላይ ማስቀመጡ ይቀርና፣ በበረሮ እግር ላይ ርቀቱ ምልክቱን እንዴት እንደሚለውጠው እለካለሁ፤ በአንድ በኩል ረጅም ሽቦ ያለው አምፕሊፋየር፣ በሌላ በኩል የመጀመሪያው ትራንዚስተር ከስፒሉ ራስ ላይ የተበየደበት። ሁለቱን በአንድ እግር ላይ፣ በአንድ ጊዜ እቀዳለሁ። ለሶፍትዌሩ ክፍል ደግሞ የአሜሪካው የምርምር ተቋም አለን ኢንስቲትዩት በነፃ ከለቀቀው የኒውሮፒክስል መረጃ ጥቂት መስመሮችን ወስጄ የመተኮሻ መለያውን (የነርቭ ተኩስን ከኖይዝ የሚለየውን ፕሮግራም) እፈትሽበታለሁ። «ነጭ ኖይዝ»፣ የመለያው ወሰን በምን ይቆረጥ? ጋሼ፣ ሪፈረንስ ኤሌክትሮዱንስ (ቮልቴጁ የሚነጻጸርበትን መነሻ) ከምን ልሥራው?


ነጭ ኖይዝ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:35

ወሰኑን በስታንዳርድ ዴቪዬሽን አትቁረጠው፤ ነርቩ ብዙ በተኮሰ ቁጥር ዴቪዬሽኑ ራሱ ይነፋና ትንንሾቹን ይውጥብሃል። የተጣራውን ምልክት ፍጹም ዋጋ ውሰድ፣ ሚዲያኑን ፈልግ፣ ለ0.6745 አካፍለው፤ የኖይዙ ግምት ያ ነው። ወሰኑን በአራት እጥፉ ጀምር። ናሙናህ በሰከንድ ከ20,000 አይነስ፤ አለዚያ የአንዱን ነርቭ ቅርጽ ከሌላው መለየት ያቅትሃል። ሁለቱን አምፕሊፋየሮች ስታነጻጽርም እግሩ ሳይኖር፣ መግቢያውን ከግራውንድ ጋር አጋጥመህ የየራሳቸውን ኖይዝ አስቀድመህ ቅዳ፤ ያ ከሌለህ ልዩነቱ ከሽቦው ይሁን ከአይሲው የሚነግርህ የለም።


ጋሽ ሶኬት
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:10

ለሪፈረንሱ ብርና ብር ክሎራይድ ነው የሚሻለው፤ ተራ ስፒል ፈሳሽ ውስጥ ቮልቴጁ ይዋልልብሃል። ከወርቅ ቤት የሚሸጠው ብር መዳብ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል፣ ንጹሕ የብር ሽቦ እንዲሰጡህ ለይተህ ጠይቅ፤ አንድ ጣት የሚያህል ርዝመት ይበቃል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ በአልኮል ጥረገው፣ ከዚያ ጫፉን በረኪና ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ንከረው። ብልጭታው ጠፍቶ ወደ ጥቁር ግራጫ ሲለወጥ አውጣና በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው። በረኪናውን መስኮት ከፍተህ ሥራበት፣ ከአሲድ ጋርም ከቶ አታገናኘው። የተለበጠውን ጫፍ በጥፍርህ ከፋቅኸው እንደገና መንከር ነው።